ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት የብረት ሥራ ማዕከል

በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚገኘው ተግባረ እድ የሙያ ማሠልጠኛ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ወጣቶችን በብረታ ብረት፣ በእንጨት፣ በመኪናና በኤሌክትሪክ ሥራ ሲያሠለጥን የኖረ አንጋፋ ተቋም ነው። ስያሜው የእጅ ሥራ ማለት ሲሆን፣ ከዚያ የወጣ ባለሙያ በሙያው ይከበራል፤ ቤተሰብ ይመሠርትበታል። ይህ ክብር ግን በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በስድብ ስም የሚጠራ፣ በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ነበር። በዚያ ዘመን መዶሻንና ወናፍን የመንግሥት ዋነኛ ጉዳይ ያደረጉት ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት በመሳፍንት ተከፋፍላ የነበረችውን አገር አንድ ለማድረግ ባካሄዱት ዘመቻና በመቅደላ አምባ ላይ በፈጸሙት የመጨረሻ ተግባር ነው። ከእነዚህ ሁለት ታላላቅ ምዕራፎች መካከል ግን በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት በተባለ ስፍራ ያቋቋሙት የብረት ሥራ፣ የመድፍ ማቅለጫና የጋሪ መሥሪያ ማዕከል ይገኛል። የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በጋፋት በኩል ለሚመለከት ሰው የዓላማቸው ታላቅነትም ሆነ ዓላማቸው የከሸፈበት ምክንያት ጎልቶ ይታያል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ በምትገኘው ቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ ሲሆን፣ አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባታቸውን በልጅነታቸው በማጣታቸው እናታቸው በጎንደር ከተማ በችግር እንዳሳደጓቸው ይነገራል። ከጊዜ በኋላ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው የነበረው ይህንኑ የድህነት ዘመን በማስታወስ ነው። ወጣቱ ካሣ በገዳም ትምህርት ቀስመው ካደጉ በኋላ የቅርብ ዘመዳቸው በነበሩት በደጃዝማች ክንፉ ዘንድ በውትድርና አገለገሉ፤ ቆይተውም ወደ ቋራ በረሃ በመውረድ ሸፈቱ።

ያደጉበት አካባቢ የእጅ ሙያ የሚታወቅበት ነበር። በቋራ፣ በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራትና ግንብ በመገንባት የሚተዳደሩ ቤተ እስራኤላውያንና ሌሎች ባለሙያዎች ይኖሩ ነበር። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ ወታደሩ የሚይዘው ጦርና ጎራዴ፣ ፈረሱ የሚለጎምበት ልጓም ሁሉ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የሚወጣ ነበር። ባለሙያው መሬት ላይ ተቀምጦ ከሰሉን በቆዳ ወናፍ እያራገበ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ በመዶሻ እየመታ ቅርጽ ያወጣለታል። ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጠው ሰው ግን በአብዛኛው ርስት የሌለው፣ ቡዳ ነው እየተባለ የሚፈራና የሚገለል ነበር። ኅብረተሰቡ ከብረቱ ውጪ መኖር ባይችልም ብረቱን የሚሠራውን ሰው አላከበረም።

ካሣ ለጦር መሣሪያ ያላቸው አመለካከት የተለወጠው በሱዳን ጠረፍ በደረሰባቸው ሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም ደባርቂ በተባለ ስፍራ ሠፍሮ በነበረው የግብፅ ጦር ላይ በድፍረት ጥቃት ሰነዘሩ። ጠላት በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም በምሽግ ውስጥ የነበረ፣ በሥርዓት የሠለጠነና መድፍ የታጠቀ ነበር። ጀግንነት ብቻውን የመድፍን አፍ ሊዘጋ አለመቻሉን ካሣ በሠራዊታቸው ደም ተማሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ጉዳዮች ከልባቸው አልወጡም፤ አንደኛው ወታደርን በሥርዓት ማሠልጠን፣ ሁለተኛው ደግሞ መድፍ የራስ ማድረግ ነው።

ከደባርቂ በኋላ የካሣ እርምጃ ፈጣን ሆነ። በኅዳር 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጣቁሳ ላይ የየጁንና የተባባሪ መሳፍንትን ጦር፣ በሰኔ ደግሞ አይሻል ላይ አማታቸውን ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ የሰሜኑንና የትግራዩን ገዢ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ለራሳቸው የንግሥ በዓል እንደነበረ ታሪክ ያስረዳል።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ከነገሡበት ጊዜ ጀምሮ ሰላምን ለማስፈን አዋጅ አስነገሩ። ሽፍታው መሸፈቱን ትቶ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ እያንዳንዱ ሰው ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አዘዙ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር፣ ወታደሩም ባላገሩን ከመዝረፍ ይልቅ ደመወዝ ተቆርጦለት እንዲኖር ለማድረግ ሞከሩ። እነዚህ የለውጥ ሐሳቦች በሙሉ በአንድ ነገር ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ ለማዕከላዊው መንግሥት ታማኝ የሆነና ከመሳፍንቱ ጦር በላይ የታጠቀ ሠራዊት መኖር አለበት። መሣሪያው ግን በቀይ ባሕር በኩል የሚገባ ሲሆን፣ ምጽዋ ደግሞ በባዕድ እጅ ነበረች። ስለዚህ መሣሪያን ከመግዛት ይልቅ መሣሪያ ሠሪውን ማምጣት የዐፄ ቴዎድሮስ መርሕ ሆነ።

ይህ መርሕ ከአንድ ያልታሰበ አቅጣጫ መልስ አገኘ። በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበሩትና ቀደም ሲል ኢትዮጵያ ውስጥ የሰበኩት ሳሙኤል ጎባት፣ ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣት ሚሲዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ዕቅድ ነበራቸው። እነዚህ ወጣቶች ቀሳውስት ሳይሆኑ በእጅ ሙያቸው እየኖሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ የታሰቡ ምእመናን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ለስብከታቸው እምብዛም ፍላጎት ባይኖራቸውም ሙያተኞች መሆናቸውን በሰሙ ጊዜ እንዲመጡ ፈቀዱ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን በመጀመሪያ፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሳልሙለር ደግሞ ዘግየት ብለው ደረሱ። ሞሪትዝ ሃል የተባለ ከፖላንድ የመጣ ባለሙያና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ የጠመንጃ ሠሪም ከእነርሱ ጋር ተቀላቀሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ አብዛኞቹን ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በምትገኘው የጋፋት ኮረብታ አሠፈሯቸው። ደብረ ታቦር የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማ በመሆኗ ጋፋትን በቅርብ ሊጎበኙና ሊቆጣጠሩ ይችሉ ነበር። በዚያች ኮረብታ ላይ መኖሪያ ቤቶች፣ የማቅለጫ ምድጃዎች፣ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ተሠሩ። ለልጆችም ትምህርት ይሰጥ ነበር። ብዙዎቹ አውሮፓውያን የአገሪቱን ሴቶች ልጆች አግብተው ጎጆ ወጡ። ዋልድማየር የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ወዳጅና አማካሪ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ።

የጋፋት ሰዎች በመጀመሪያ የተሠማሩት በመንገድ ሥራ፣ በግንባታና የተበላሸ ጠመንጃ በመጠገን ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ፍላጎት ግን ከዚህ አልፎ መድፍ ማቅለጥን የሚጠይቅ ሆነ። ሚሲዮናውያኑ ይህን ሙያ አልተማሩም፤ የጦር መሣሪያ ለመሥራትም ወደ ኢትዮጵያ አልመጡም። አለማወቃቸውን ገልጸው ለማመንታት ቢሞክሩም ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሞክሩ አጥብቀው አዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል። ከሥራው ባሕርይ አንጻር ይህ የሚያስገርም አልነበረም።

ነሐስን ለማቅለጥ ወደ 1 ሺህ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ምድጃው ይህን ሙቀት ሳይፈርስ መሸከም አለበት፤ የሸክላው ቅርጽም ፈጽሞ የደረቀ መሆን ይኖርበታል። ጥቂት እርጥበት ከቀረበት የቀለጠው ብረት ሲፈስበት እንፋሎቱ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል ወይም ያፈነዳዋል። ትልቅ መድፍ ሲሆን ደግሞ ብረቱ በአንድ ጊዜ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ መድፉ ውስጡ እንከን ይዞ ይወጣና ሲተኮስ ተኳሹን ይገድላል። ይህን ሁሉ የጋፋት ሰዎች የተማሩት በመክሸፍና እንደገና በመሞከር ነው። በመጨረሻ የቀለጠው ነሐስ ቅርጹን ሞልቶ በተገኘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተደስተው ሠራተኞቹን በሽልማት አንበሸበሹ። ከዚያ በኋላ መድፎቹ በመጠን እያደጉ ሄዱ።

በጋፋት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ተጽፎ የቀረው አውሮፓውያኑ ይሁኑ እንጂ ሥራው የእነርሱ ብቻ አልነበረም። እንጨት ቆርጦ ከሰል የሚያከስል፣ ሸክላ የሚያቦካ፣ ወናፍ የሚነፋ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ኢትዮጵያዊ ባይኖር ኖሮ አንድም መድፍ አይወጣም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከአውሮፓውያኑ እየተማሩ ሙያውን እንዲወርሱ ይፈልጉ ነበር። መኳንንት ሊነኩት የሚጸየፉትን ሥራ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቆመው ይመለከቱ፣ ሠራተኛውንም በፊታቸው አቅርበው ይሸልሙ ነበር። ይህም በዘመኑ አስተሳሰብ ከመድፉ ያልተናነሰ አዲስ ነገር ነበር።

መድፉ ከተሠራ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ዕቃ የሚጓጓዘው በሰው ትከሻ፣ በአህያ፣ በበቅሎና በግመል እንጂ በመንኮራኩር አልነበረም። በበቅሎ ጀርባ የማይጫን መድፍ ጋሪ ይፈልጋል። ስለዚህ የጋፋት ሠራተኞች ከማቅለጡ ጎን ለጎን የመድፍ መሸከሚያና የዕቃ ማጓጓዣ ጋሪዎችን መሥራት ያዙ። የጋሪ ሥራ የአናጢውንና የቀጥቃጩን እጅ አንድ ላይ ይጠይቃል። የመንኮራኩሩ ማዕከል፣ ከማዕከሉ ወደ ዙሪያው የሚዘረጉት እንጨቶችና ክብ ጠርዙ ልክ ለልክ ካልተጋጠሙ ጋሪው በመጀመሪያው ዳገት ይበታተናል። ጠርዙን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት ደግሞ በእሳት ሲግል ስለሚሰፋ በዚያው ትኩሳቱ ይጠለቅና ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ እንጨቱን አንቆ ይይዛል። መንኮራኩሩ የሚዞርበት ዘንግም የብዙ ኩንታል ክብደት መቻል ነበረበት።

ጋሪ ሲሠራ ደግሞ መንገድ የሌለ መሆኑ ታየ። በቅሎ የምትወጣውን ገደል ጋሪ አይወጣውም። በመሆኑም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ የሚያገናኙ መንገዶችን ማስጠረግ ጀመሩ። በሥራው ቦታ ከማለዳ እስከ ምሽት በመዋል በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሱና ይፈነቅሉ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኳንንት እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይችልም። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንድ መድፍ ምድጃን፣ ምድጃው ጋሪን፣ ጋሪው መንገድን እየጠራ ሄደ።

ሆኖም ጋፋት በእጅ ብቻ የሚሠራበት ስፍራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓ የእንፋሎት ኃይል፣ ትላልቅ ማሽኖችና በትምህርት ቤት የሠለጠኑ መሐንዲሶች መኖራቸውን ከቤልና ከእንግሊዙ ቆንስል ከፕላውዴን ሰምተው ያውቁ ነበር። ሁለቱ ወዳጆቻቸው ግን ቀድመዋቸው አለፉ። ፕላውዴን በ1852 ዓ.ም በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሞተ፤ ቤልም ብዙ ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱን ሲከላከል በጦር ሜዳ ወደቀ። በእነርሱ ሞት ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኛቸውን የታመነ ድልድይ አጡ።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በአዲሱ ቆንስል በካሜሮን በኩል ላኩ። ደብዳቤው ወዳጅነትን የሚጠይቅና መልእክተኞች ለመላክ ያላቸውን ፍላጎት የሚገልጽ ነበር። ለንደን ቢደርስም መልስ የሰጠው ባለሥልጣን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሠሩ። የእንግሊዝ መንግሥት መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር 1858 ዓ.ም ነበር፤ እርሱም በመጨረሻ ከእስረኞቹ ጋር ተቀላቀለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጋፋት ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስቆጭ ነው። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ፍላድን ወደ እንግሊዝ በመላክ ሙያተኞችና ማሽኖች እንዲላኩላቸው ጠየቁ። የእንግሊዝ መንግሥትም ጥያቄውን ተቀብሎ ሠራተኞችን ቀጠረ፤ መሣሪያዎችንም ገዛ። ሠራተኞቹና መሣሪያዎቹ ባሕር ተሻግረው እስከ ምጽዋ ደረሱ። እንግሊዞች እስረኞቹ አስቀድመው ካልተለቀቁ አንድም ሰው ወደ ደጋ አይወጣም አሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ሠራተኞቹ ሳይደርሱ እስረኞቹን ለመልቀቅ አልፈቀዱም። አንዱ ሌላውን ባለማመኑ ለጋፋት የታሰበው መሣሪያ የደጋውን አየር ሳይቀምስ ቀረ፤ ባለሙያዎቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የነበረው ነገር ደጃፋቸው ደርሶ የተመለሰው በዚህ ሁኔታ ነው።

በአገር ውስጥም ነገሮች እየከበዱ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለሠራዊቱ ደመወዝ ለማዋል በመሞከራቸው ከካህናቱ ጋር ተጣልተው ነበር። ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም ካረፉ በኋላ ቁጣቸውን የሚያበርድላቸው ሰው አልነበረም። በሰኔ 1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ላስታ፣ ጎጃምና ትግራይም ከእጃቸው ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ለዓመፁ የሰጡት ምላሽ በጭካኔ የተሞላ ነበር፤ በ1859 ዓ.ም የጎንደር ከተማ ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። አገርን ለማሠልጠን የተነሣው ክንድ የሠለጠነችውን ከተማ ማፍረሱ የንግሥናቸው ትልቁ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይኖራል።

የጋፋት ሰዎችም ከጥርጣሬ አላመለጡም። እንደ ልጅ ሲሸለሙ የኖሩት ሠራተኞች እንደ እስረኛ ይጠበቁ ጀመር። በዚህ ሁሉ መካከል በ1859 ዓ.ም ከሠሯቸው መሣሪያዎች ሁሉ የገዘፈው መድፍ ከቅርጹ ወጣ። ሴባስቶፖል የተባለው ይህ መድፍ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ለረጅም ጊዜ ተከብባ ከነበረችው የሩሲያ የወደብ ከተማ ነው። ማሽን ባልነበረበት ኮረብታ ላይ በከሰልና በወናፍ ይህን ያህል ነሐስ አቅልጦ አንድ አድርጎ ማውጣት የሠራተኞቹን የእጅ ብቃት ያሳያል።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከቀራቸው ሠራዊትና ከጋፋት ሠራተኞች ጋር ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ወሰደ። መድፎቹ በጋፋት ሰዎች እጅ በተሠሩት ጋሪዎች ላይ ተጭነው ነበር። ሴባስቶፖልን ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱት ነበር። መንገድ በሌለበት ቦታ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተናደ መንገድ ተሠራ። ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲወረድ ጋሪው ተንከባልሎ ሰው እንዳይፈጅ ከኋላ እየተያዘ፣ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ከፊት እየተጎተተ መቅደላ አምባ ሥር ደረሰ። አገር ሁሉ በሸፈተበትና ስንቅ በጠፋበት ጊዜ የተደረገ ጉዞ በመሆኑ የንጉሠ ነገሥቱ ጽናት የታየበት ታላቅ ሥራ ነው።

በዚያው ጊዜ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ሌላ ሠራዊት በመገስገስ ላይ ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒር የመሩት 13 ሺህ ያህል ወታደሮች ያሉት የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ አርፎ የባቡር ሐዲድ ከዘረጋ በኋላ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጭኖ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ። የኢትዮጵያ መድፎች ከከፍታ ላይ ቢተኩሱም ጥይቶቹ ከጠላት ራስ በላይ አለፉ፤ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱም ባሩዱ ከልክ በላይ ሆኖ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሴባስቶፖልም ለውጊያ ሳይበቃ ቀረ። ከኋላ የሚጎርሱ አዳዲስ ጠመንጃዎችና ሮኬቶች የታጠቀው የእንግሊዝ ጦር ባወረደው እሳት ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ደባርቂ ላይ የተጀመረው ትምህርት አሮጌ ላይ ተደገመ። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ማሠራት ችለዋል፤ መድፍን አስልቶ የሚተኩስ የሠለጠነ ሠራዊት ለማፍራት ግን ጊዜም ሰላምም አላገኙም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጦርነቱ በኋላ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ። እጃቸውን እንዲሰጡ የቀረበላቸውን ጥያቄ ግን አልተቀበሉም። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ወታደሮች የመቅደላን በር ጥሰው ሲገቡ ንጉሠ ነገሥቱ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። ንግሥቲቱ ከላከችላቸው ስጦታ ይልቅ መልሷን ሲጠብቁ የኖሩት መሪ ፍጻሜ ይህ ሆነ።

ናፒር አምባውን ከማቃጠሉ በፊት ዘውዶች፣ ታቦታት፣ ንዋያተ ቅድሳትና በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ተዘረፉ። መድፎቹም እንዳያገለግሉ ተደርገው ተሰባበሩ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በባዕድ አገር አረፈ። ከዚህ ሁሉ ዝርፊያ ጎን ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ኪሳራም ነበር። የጋፋት ሙያተኞች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትዝ ሃል ኢያፋ ከተማ ገባ፤ በዓለም የታወቀው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ የእርሱና የኢትዮጵያዊት ባለቤቱ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። አሥር ዓመት ያህል በመክሸፍና በመሞከር የተገኘው ዕውቀት ከአገር ወጣ፤ ምድጃዎቹም ቀዘቀዙ።

ጋፋት ለምን ከመሥራቹ በላይ መኖር አልቻለም የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከራሱ ከአሠራሩ ነው። ማዕከሉ የቆመው በአንድ ሰው ፈቃድ ነበር። ሠራተኞቹ በሽልማትና በፍርሃት መካከል ሠሩ። የሚወጣው ዕቃም ገበሬውንና ነጋዴውን ሳይሆን ጦርነትን ብቻ የሚያገለግል ነበር፤ ማረሻውን እንደ ድሮው ያ የተናቀው ቀጥቃጭ መሥራቱን ቀጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሙያውን ቢያከብሩም ሕዝቡ ለሙያተኛው ያለው አመለካከት ገና አልተለወጠም ነበር። ያልተከበረ ሙያ ደግሞ ወራሽ አያገኝም።

ይህን ትምህርት ከቅርብ ሆነው ያዩት ምኒልክ ነበሩ። ምኒልክ በልጅነታቸው ከሸዋ ተወስደው አሥር ዓመት ያህል በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት አድገዋል፤ ልጃቸውንም አግብተው ነበር። በ1871 ዓ.ም ስዊዘርላንዳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ወደ ሸዋ ሲያስመጡ አማታቸው የጀመሩትን መንገድ በሌላ ስልት መከተላቸው ነበር። ኢልግ ታስሮ ሳይሆን ተከብሮ ለረጅም ዓመታት አገለገለ። በ1900 ዓ.ም ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ የዘመናት አስተሳሰብን በአንድ ቀን ባይሽርም መንግሥት ለባለሙያው ክብር በሕግ የቆመበት ታላቅ እርምጃ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ በተግባረ እድ በር የገቡት ወጣቶች ይህን ክብር በትምህርት የሚያጸኑ ትውልዶች ሆኑ።

የጋፋት ስም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለተቋቋመ የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ መጠሪያ ሆኗል። በአዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ ተሠርቶ ቆሟል። ዋናው መድፍ ግን እንደ ዘውዱና እንደ ብራናው ተጭኖ ሊወሰድ የሚችል አልነበረምና ሠራተኞቹ ጎትተው ባወጡት አምባ ላይ ቀርቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ በቦታው የቆየው እርሱ ነው። ላዩ ላይ የሠሪዎቹ ስም ባይጻፍበትም፣ በስድብ ስም ሲጠሩ የኖሩ እጆች ምን መሥራት ይችሉ እንደነበር ለሚያየው ሁሉ ይመሰክራል።